የውሃ ዳር ሰዎች

ዴዝባ አታካይን የሚያውቋት ሁሉ «ኩራቷ ከእሷ ቀድሞ ከበር ይገባል» ይሏታል። ሐሰት አይደለም። እናቷ ሸማኔ፣ አያቷ ሸማኔ፣ የአያቷም እናት ሸማኔ ናቸው። በቺንሌ ከተማ ዙሪያ የአታካይ ምንጣፍ ሲባል የማያውቅ የለም። ስሟ ራሱ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ በሆንነው በእኛ በዲኔዎች ቋንቋ «ለጦርነት የምትዘምት» እንደማለት ነው። የክፍል ጓደኞቿ ግን «እሷ ምን አዘመታት፤ ጦርነቱ ራሱ ቤቷ ድረስ ይመጣላታል» እያሉ ያሾፉባታል። እሷም አገጯን ቀና አድርጋ ታልፋቸዋለች።

በዚያ የሚያዝያ ቅዳሜ ማለዳ ግን ያ ሁሉ ኩራት የት እንደገባ እንጃ። የኮሌጁ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጣ፣ አንገቷን ሹራቧ ውስጥ ቀብራ ነበር። ቴሪል ኤትሲቲ ሲሳፈር አይታዋለች።

«መጣልሽ» አለቻት ከጎኗ የተቀመጠችው ሮንዳ። ምላሷ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ንጹሕ ጓደኛዋ ናት።

«ምኑ ነው የመጣልኝ?»

«አታስመስይ! የፊኒክሱ ልጅ ነዋ። እይው እስቲ፣ ፀጉሩን አሳድጎ እንደ ድሮ ሰው ከኋላው ቋጥሮታል። ውይ ሲያምርበት!»

«ካማረሽ ውሰጂው።»

«እኔ? ጎሣው ምን እንደሆነ ሳላውቅ? እናቴ በቁሜ ነው የምትቀብረኝ።»

ሮንዳ ለቀልድ ያለችው ነገር ዴዝባን እንደ መርፌ ወጋት። ቴሪል በመተላለፊያው ሲያልፍ ዓይኑ ዓይኗን አገኘው። ወዲያው ፊቱን መልሶ ሄደና የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ዴዝባ የሚታያት መንገዱ ሳይሆን መስኮቱ ላይ ያረፈው የእሱ ምስል ሆነ።

እኛ ዘንድ ሰው ሲተዋወቅ ስም አይቀድምም። መጀመሪያ የእናት ጎሣ፣ ቀጥሎ የአባት፣ ከዚያ የሁለቱ አያቶች ይጠራል። የእናት ጎሣቸው አንድ የሆነ ሰዎች፣ ተራራ ቢለያቸውም ወንድምና እህት ናቸው። ነገሩ ቀልድ የለውም። ከእህቱ ወይ ከወንድሟ ጋር ፍቅር የያዘው ሰው እንደ እሳት ራት ነው፤ ዞሮ ዞሮ እሳቱ ውስጥ ይገባል ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ዴዝባ ይህን ከጡት ጋር ነው የጠባችው።

ቴሪል ኮሌጁ ሲመጣ የአባቱን ጎሣ እንጂ የእናቱን አያውቅም ነበር። እናቱ በሕፃንነቱ ሞታ አባቱ ፊኒክስ ከተማ፣ አፓርታማ ውስጥ ነው ያሳደገው። ዴዝባ መጀመሪያ የተዋወቁ ዕለት በእንግሊዝኛ ጠይቃው ነበር፤ የዲኔ ቋንቋ እንደማይሰማ ከአረማመዱ ገምታ። «አባቴ ከጨው ሰዎች ነው» አላት አቀርቅሮ። «ስለ እናቴ ግን አያወራም፤ የእሷን ጎሣ የሚነግረኝ አላገኘሁም።» እዚያ ላይ ማቆም ነበረባት። ፍቅር ግን መቼ ሽማግሌ ጠይቆ ይገባል? ሱፍ እንደ ሳሙና በሚያረፋው የዩካ ተክል ሥር ማጠብ አስተማረችው፣ ማበጠር አስተማረችው፣ እንዝርት አስያዘችው። የፈተለው ፈትል አንድ ቦታ እንደ ገመድ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። «ፈጣሪ ይቅር ይበልህ፣ በጎቹን አሰደብካቸው» እያለች ስትስቅበት፣ እሱ ደግሞ ሳቋን ለመስማት ብሎ ይባስ ያበላሸዋል። ስለ ፍቅራቸው ኮሌጁ በሙሉ ያውቅ ነበር።

ታዲያ ባለፈው ሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዴዝባ በረቱ አጠገብ የቀለም ድስት እያማሰለች ሳለ ቴሪል ከመንገዱ ጀምሮ እየሮጠ መጣ። ስልኩን በእጁ ይዞ፣ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በርቶ።

«ዴዝባ! ከእናቴ አክስት ጋር ተገናኘሁ! አሁን በስልክ ነገረችኝ! ማን እንደሆንኩ አወቅኩ!» አለ በእንግሊዝኛ። «የውሃ ዳር ሰዎች ነን! የእናቴ ጎሣ ውሃ ዳር ነው!»

የዴዝባ ጎሣ ታባሃ ይባላል። ታባሃ ማለት ደግሞ ውሃ ዳር ማለት ነው።

እሱ የእሷን ጎሣ የሚያውቀው በድምፁ ብቻ ነበር፤ ትርጉሙን ጠይቋት አያውቅም። እሷ ግን ወዲያው ተረጎመችው። ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። ያ ደስ ያለው ልጅ በደስታ እየሮጠ መጥቶ፣ ራሱ ሳያውቀው «ወንድምሽ ነኝ» አላት። አንድ ቃል ሳትመልስ ቤት ገብታ በሯን ዘጋች። ቢያንኳኳ አልከፈተችም፤ ቢደውል አላነሳችም። ምን ልትለው ትችላለች? «ወንድሜን ወድጄ ነበር» የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ለእናቷም፣ ለሮንዳም አልነገረችም። ብቻዋን ዋጠችው።

ቴሪልስ? እሱ የገባው ሌላ ነው። ቋንቋውን የማያውቅ የከተማ ልጅ ለአታካይ ቤት አይመጥንም ተባልኩ አለ። ዝምታዋን በዚያ ተረጎመው። ሁለቱም ተርጓሚ ሆነው፣ ሁለቱም ተቃጠሉ።

አውቶቡሱ የጎረቤቶቻችን የሆፒዎችን መንደሮች አልፎ ወደ ሜዳው ሲወርድ፣ ከአራቱ ቅዱሳን ተራሮቻችን የምዕራቡ ጫፉ ላይ በረዶ እንደያዘ ከሩቅ ብቅ አለ። አስተማሪያቸው እትዬ ኢርማ ፔሽላካይ ተነሥተው መሐል ላይ ቆሙ። አጭር፣ ደንዳና ሴት ናቸው። ድምፃቸው ማጉያ አይሻም።

«ስሙኝ! ያን የበግ ሥጋ አስቀምጥና አንተም ስማ! ፍላግስታፍ ከተማ፣ ሙዚየሙ ድረስ የምንሄደው ለሽርሽር አይደለም። ባለፈው ወር ኤግዚቢሽኑን ቀድሜ አይቼዋለሁ። የአያቶቻችን ብርድ ልብሶች በመስተዋት ውስጥ ተሰቅለዋል። ከሥራቸው ምን ተጽፏል መሰላችሁ? ‹ሠሪዋ ያልታወቀች›። የሁሉም ሥር ‹ያልታወቀች፣ ያልታወቀች›! ለማን ነው ያልታወቀችው?»

የበግ ሥጋ የያዘው ልጅ ሥጋውን ጠቅልሎ አስቀመጠ።

«የዛሬ ዘመን ሥራ ተብሎ ከተሰቀለው ውስጥ የእኛዋ የዴዝባ ምንጣፍ አለበት።» ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ ዴዝባ ወደ መስኮቱ ዞረች። «እንግዲህ ዛሬ አንድም ልጄ ያልታወቀ ሆኖ አይመለስም። እያንዳንዳችሁ ሽማግሌዎቹና እንግዶቹ ፊት ትቆማላችሁ፤ አራቱንም ጎሣችሁን ትናገራላችሁ። በእንግሊዝኛ ሳይሆን በእናታችሁ ቋንቋ! እንዳታሳፍሩኝ።»

ዴዝባ የሚሆነው ቀድሞ ታያት። ቴሪል ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ «ታባሃ ነኝ» ይላል። ቀጥላ እሷ ተነሥታ «ታባሃ ነኝ» ትላለች። ስለ እነሱ የማያውቅ ተማሪ የለም። ውርደቱ ይኸው ሊዘረገፍ ነው። ይህንስ ትችለው ይሆናል። የማትችለው ሌላ ነበር። ነገሩ እስካሁን በእሷ ልብ ብቻ ተቀብሮ፣ ቴሪል ቢያንስ በሕልሟ ቴሪል ሆኖ ቆይቶላታል። በአደባባይ ከተናገረው ግን ለዘለዓለም ወንድሟ ነው። ያቺ የቀረቻት ትንሽ ነገር ዛሬ ልትነጠቅ እንደሆነ ስታስብ እንባዋ መጣ። አላፈሰሰችውም፤ የአታካይ ልጅ አውቶቡስ ውስጥ አታለቅስም።

* * *

የሙዚየሙ አዳራሽ ሰፊ ነው። በአንድ ወገን የብር ጌጥና ቅርጫት፣ በሌላው ወጣቶች የሳሉት ሥዕል፣ በመጨረሻው ግድግዳ ምንጣፎቹ። ተማሪዎቹ ሲገቡ እየተጋፉ ነበር። አሮጌዎቹ ብርድ ልብሶች ፊት ሲደርሱ ግን ሳያውቁት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይሄን ቀይ እይው፤ እኛ ቤት ያለው ልክ እንደዚህ ነው» ይላል አንዱ። «የኛ ግን ውሻ ይተኛበታል» ይላል ሌላው። ሳቁ፣ ግን ደረታቸው ተነፍቶ ነበር።

ቴሪል ከሁሉም ተለይቶ የዴዝባ ምንጣፍ ፊት ቆሟል። ጥቁርና ግራጫ፣ ቡናማና ነጭ፣ ደመናና መብረቅ የሚሰነጣጥቀው ትልቅ ሥራ ነው። እሱ ግን የሚያየው መብረቁን አልነበረም። የምንጣፉ ጠርዝ ላይ፣ በላይኛው ጥግ፣ ከውስጥ ተነሥታ ዳር ድረስ የምትወጣ አንዲት ቀጭን መሥመር አለች። ሸማኔዎቻችን መውጫ ይሏታል። የሠሪዋ ሐሳብ ሥራው ውስጥ ተቆልፎ እንዳይቀር የሚተዉላት በር ናት።

«ይሄ የኔ ፈትል ነው» አለ ቴሪል ሳይዞር። ከኋላው ማን እንደቆመ ዞሮ ማየት አላስፈለገውም።

«ግራጫ ሱፍ ሁሉ አንድ ነው» አለች ዴዝባ።

«አይደለም። እንደዚህ አስቀያሚ አድርጎ የሚፈትል ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ። አንቺው ነሽ ያልሽኝ።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሆነ። ከንፈሯን ነከሰች።

«ለምን እዚህ ላይ አደረግሽው? ለምን መውጫው ላይ?»

«ሌላ ፈትል አልቀረኝም ነበር።»

«አታካይ ቤት ፈትል አለቀ?» አሁን ዞረ። ዓይኖቹ ያንኑ የሐምሌውን ብርሃን ሊያበሩ ሲሞክሩ አየቻቸውና ፈራች።

«ቴሪል፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ተራህ ሲደርስ አትቁም። አመመኝ በል። ጉሮሮዬን በል። የፈለግከውን በል፤ ብቻ ጎሣህን እዚህ አትናገር።»

ብርሃኑ ጠፋ። ሲጠፋም ታያት።

«አፈርሽብኝ?»

«አይደለም፣ እሱ አይደለም…»

«እሱማ ነው። ስንት ወር ሙሉ የት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ? ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዲልኮን መንደር ድረስ እየነዳሁ፣ የእናቴ አክስት ኩሽና ውስጥ እንደ ሕፃን ቃል ስቆጥር ነበር። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ! አንዱን ቃል ስስት ሴትየዋ በማንኪያ መዳፌን ትመታኛለች። ለምን ይመስልሻል? አንድ ቀን አንቺ ፊት ሳላፍር ልቆም ብዬ ነው። ያ ቀን ዛሬ ሲደርስ አፍህን ያዝ ትይኛለሽ?»

«አይገባህም! ከተናገርከው በኋላ መመለሻ የለንም።»

«መመለሻ መቼ ኖሮኝ ያውቃል? በሩን የዘጋሽው አንቺ ነሽ። ምክንያቱን እንኳ አልነገርሽኝም። ቢያንስ ጠላሁህ በዪኝና ይውጣልኝ።»

«አልጠላሁህም!»

ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። ሥዕል የሚያዩ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ዞረው አዩዋቸውና ቶሎ ፊታቸውን መለሱ።

«ታዲያ ምኔ ነሽ?» አለ ቴሪል ቀስ ብሎ።

ዴዝባ ዓይኗን ከእሱ ወደ ምንጣፉ መለሰች። እሱ ጠበቃት። ከዚያ ሸሚዙን ወደ ታች ጎተት አደረገና ትከሻውን አቀና።

«እኔ እቆማለሁ፣ ዴዝባ። ኩራት ያንቺ ብቻ ርስት አይደለም።»

ጥሏት ሄደ። ልቧ ተሰበረ፤ ግን እንዴት እንደሆነ እሷም አታውቀውም፣ በተሰበረው ልቧ መሐል አንድ ነገር ቀና አለ። ያ ከአፉ ቃል ለማውጣት የሚያፍር ልጅ እንዲህ ሆነ? ኮራችበት። የማይገባት ኩራት እንደሆነ እያወቀች ኮራችበት።

* * *

ምንጣፎቹ ፊት ወንበር ተደረደረ። ከየሰፈሩ የመጡ ሽማግሌዎች ከፊት ተቀመጡ። መሐላቸው አባባ ሆስኪ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፤ ከፋይ ሸሚዝ ለብሰው፣ ቱርኩዝ ከሚባል ሰማያዊ ድንጋይ የተሠራ ሐብል ደርድረው፣ ከመጡበት ደቂቃ ጀምሮ ሰው የሚያስቁ።

ተማሪዎቹ በየተራ ቆሙ። አንዱ ተንተባተበ፣ አንዷ ጮክ ብላ ተናገረች፤ ሮንዳ ሦስተኛው ጎሣ ላይ ስትደርስ ጠፋባትና «እማዬ ጋ ልደውል?» ብላ አዳራሹን አሳቀች። ማንም አላፈረም። አንዱ ጎሣውን በተናገረ ቁጥር ከሽማግሌዎቹ አንዱ «የልጅ ልጄ ነህ» ወይም «የወንድሜ ልጅ ነሽ» እያለ ይቀበለዋል። ‹ሠሪዋ ያልታወቀች› የሚሉት ጽሑፎች ከጀርባቸው ተሰቅለው፣ አዳራሹ ግን በታወቀ ሰው ተሞላ።

«ቴሪል ኤትሲቲ» አሉ እትዬ ኢርማ።

ዴዝባ መሬት መሬት አየች። ጆሮዋን ልትደፍን ፈለገች።

«ያአቴህ» ሲል ሰላምታ አቀረበ በዲኔ ቋንቋ፤ ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ጸና። «ቴሪል ኤትሲቲ እባላለሁ። ከቶአሃኒ ወገን ነኝ። በአባቴ በኩል የተወለድኩት ለጨው ሰዎች ነው። የእናቴ አባት ጎሣ ቀይ ቤት ነው። የአባቴ አባት ጎሣ…»

ዴዝባ የቀረውን አልሰማችም። ጆሮዋ የጠበቀው ታባሃን ነበር። እሱ ቶአሃኒ አለ። መጀመሪያ ተሳሳተ መሰላት። ምስኪን፣ ስንት ደክሞ ተሳሳተ ብላ አዘነችለት።

«ቆይ፣ ቆይ ልጄ!» አባባ ሆስኪ ከወንበራቸው ወደፊት አዘነበሉ። «የእናትህን ድገምልኝ እስቲ።»

«ቶ-አ-ሃ-ኒ» አለ ቴሪል፣ እያንዳንዷን ድምፅ ከጉሮሮው እየቆረጠ።

«ውሃ አጠገብ! የኔው ወገን! እኔም ቶአሃኒ ነኝ እኮ! በል እንግዲህ አጎትህ ነኝ። በጎቼን የሚያግድልኝ ሰው ከገና ጀምሮ ስፈልግ ነበር!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ቴሪልም ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ረጥቧል። ዘመድ ሳያውቅ ያደገ ሰው አጎት ሲያገኝ ሳቅና እንባው አይለይም።

«የከተማ ልጅ ነህ አሉኝ። ይህን አፍ ከየት አመጣኸው?» አሉት አባባ ሆስኪ።

«ከእናቴ አክስት ነው፣ አጎቴ። መጀመሪያ በስልክ በእንግሊዝኛ ስትነግረኝ በደስታ ግማሹን አልሰማሁትም፤ ውሃ ዳር መስሎኝ እየሮጥኩ ሄጄ አወራሁ። ኋላ ቤቷ ስሄድ ነው በማንኪያ እየመታች ያስተካከለችኝ። ‹ዳር ሌላ ነው፣ አጠገብ ሌላ ነው! የገዛ እናትህን በሰው እናት ትለውጣለህ?› እያለች።»

ሰው ሁሉ እንደገና ሳቀ። ዴዝባ ብቻ አልሳቀችም።

ዳር ሌላ ነው፣ አጠገብ ሌላ ነው። ታባሃ ሌላ ነው፣ ቶአሃኒ ሌላ ነው። ይህን የቺንሌ ሕፃን ያውቀዋል። ቴሪል በዚያ ሐምሌ አንድም ጊዜ ታባሃ አላለም። ታባሃ ያለችው እሷ ናት። አንዲት የተጣመመች የእንግሊዝኛ ቃል ሰምታ፣ ቋንቋውን አውቃለሁ ብላ፣ ባለቤቱን ሳትጠይቅ ተርጉማ ፈረደች። አንድ ጊዜ ብቻ «እስቲ አክስትህን በዲኔ ጠይቃት» ብትለው ኖሮ! ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እሷ ግን ካለመናገር የቀረባት ከደጃዝማችነት ይበልጣል። በአንድ ጊዜ ሊያስቃትም፣ ሊያስጮኻትም ያዛት። ወንድሟ አይደለም። ወንድሟ አይደለም! ይህ ልጅ ምኗም አይደለም፤ ስለዚህም ሁሉ ነገሯ ሊሆን ይችላል።

«ዴዝባ! ተራሽ ነው። ነይ ምንጣፍሽ ፊት ቁሚ።»

እንዴት እንደተራመደች አታውቅም። ቴሪል ወደ ቦታው ሲመለስ አጠገቧ አለፈ፤ አላያትም። ከንፈሩን ጥብቅ አድርጎ ገጥሟል። እሷን አሸንፎ ሳይሆን ተሰናብቷት የሚሄድ ሰው ፊት ነበር።

«ያአቴህ» አለች። «ዴዝባ አታካይ እባላለሁ። ከታባሃ ወገን ነኝ። በአባቴ በኩል የተወለድኩት ለብዙ ፍየሎች ጎሣ ነው። የእናቴ አባት መራራ ውሃ፣ የአባቴ አባት ረጅም ቤት ነው።»

«ታባሃ!» አሉ አባባ ሆስኪ። «ይህ እጅ ከየት እንደመጣ አሁን ገባኝ። ሟች ባለቤቴ ታባሃ ነበረች። ስንጋባ ሽማግሌዎቹ ዝምድና ሲቆጥሩ ዋሉ፤ ቆጠሩ፣ ቆጠሩ፣ አንዲት ክር ቢያጡ መርቀው ሰጡኝ። ሲነጋ ትሰድበኛለች፣ ሲመሽ ትሰድበኛለች። ይኸው አሁን ስድቧ ናፍቆኝ ልሞት ነው።»

ሰው እየሳቀ አዘነላቸው። ዴዝባ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር አንዲት ነገር ብቻ ይዛ ቀረች፤ መርቀው ሰጡኝ።

«ስለ ሥራሽ ንገሪያቸዋ» አሉ እትዬ ኢርማ።

ወደ ምንጣፉ ዞረች። ጣቷ ጥጉ ላይ ወዳለችው ቀጭን መሥመር ሄደ።

«ድሩ ከእናቴ በጎች ነው። ማጉን የፈተልኩት እኔ ነኝ። ይቺ ግን የኔ አይደለችም። እዩዋት፤ አንድ ቦታ ገመድ ናት፣ አንድ ቦታ ፀጉር።» ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። «እናቴ ‹አውጪው፣ የአታካይን ስም ያሰድባል› አለችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴን እምቢ አልኳት። ይህን ምንጣፍ ስሠራ በየቀኑ ሐሳቤ የሚወጣው በዚህች በኩል ነበር። ሌላ መንገድ አያውቅም።»

ቴሪል ቀና አለ።

«ደግሞ አንድ ነገር አለ።» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ዴዝባ አታካይ በሰው ፊት ድምፅዋ ተሰንጥቆ አያውቅም። «ባለፈው ሐምሌ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ‹ውሃ ዳር ነን› አለኝ። ደስ ብሎት እየሮጠ መጥቶ ነው የነገረኝ። እኔ የሸማኔ ልጅ፣ እኔ ቋንቋ አዋቂዋ፣ አንዴም ሳልጠይቅ ታባሃ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ወንድሜ አደረግኩት። ወንድም ደግሞ…» አልጨረሰችውም።

መጨረስም አላስፈለጋት። እትዬ ኢርማ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሮንዳ «እንዴ!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ነገሩ የገባቸው ከሁሉም ቀድመው ነበር። የሳቀ አልነበረም።

ቴሪል ከወንበሩ ተነሥቷል። መነሣቱንም ያወቀ አይመስልም።

«ለዚህ ነው?» አለ በሹክሹክታ። በዚያ ጸጥታ ግን ሁሉም ሰማው። «በሩን የዘጋሽብኝ ለዚህ ነው? እኔ እኮ አልመጥንሽም ብዬ…»

«አውቃለሁ። አሁን አወቅኩ።»

«ብቻሽን ይህን ሁሉ ጊዜ ተሸክመሽው?»

«ኩራተኛ አይደለሁ?» አለች፤ እንባዋ አሁን በነፃነት ወረደ፤ ልትጠርገውም አልሞከረች። አገጯ ቀስ እያለ ቀና አለ። ኩራቷ ተመልሶ መጣ፤ ግን በር የሚዘጋው ኩራት አልነበረም። ከአሮጌዎቹ ብርድ ልብሶች ሥር ቆማ፣ እናቶቿ ሁሉ ከኋላዋ እንደቆሙላት ሆና፣ ያንን ልጅ ዓይን ዓይኑን አየችው። ከዚያ መጀመሪያ የተዋወቁ ዕለት በእንግሊዝኛ ያቃለለችውን ጥያቄ፣ በእናቷ ቋንቋ፣ በክብሩ ጠየቀችው።

«የማን ወገን ነህ?»

«አሁን ነገረን እኮ!» አሉ አባባ ሆስኪ። «ልጅቷ ጆሮዋን…»

«ዝም ይበሉ፣ አባባ!» አሉ እትዬ ኢርማ፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ።

ቴሪል በወንበሮቹ መሐል አልፎ ወደ ፊት መጣ። አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። እንባዋን አየ፣ ምንጣፉ ላይ ያለችውን የተበላሸች ፈትሉን አየ፣ ትከሻውን አቀና።

«ከቶአሃኒ ወገን ነኝ» አላት።

ዴዝባ በዚህ ጊዜ ለመተርጎም አልቸኮለችም።